ሦስት ሊትር ተኩል

ሐሙስ፣ ግንቦት 10 ቀን 1987 ዓ.ም.፣ ጋምቤላ

ትናንት የትንሿን መኪናዬን ዘይት ስቀይር ጎረቤቴ ኡጁሉ፣ «መምህር፣ ለዚች ሦስት ሊትር ተኩል በቃ። አምስት ብዙ ነው» አለኝ። ዕድሜውን ሁሉ ሹፌር ነው። እኔ ግን «በዚህ ሙቀት ቢበዛ ምን አለበት!» ብዬ የአምስት ሊትሩን ጀሪካን እንዳለ ገለበጥኩት። አማርኛው ስለሚቆራረጥ እውቀቱም የተቆራረጠ መስሎኝ ነበር።

ዛሬ ለሕክምና አዲስ አበባ የሚሄዱትን እናቱን ይዘን ወደ አውሮፕላን ማረፊያው ስንሄድ መኪናዋ ዘይቷን መንገድ ላይ ተፋችው፤ ጭሷ አፈነን። እናቱን ዛፍ ጥላ ሥር እንዳስቀመጥናቸው አውሮፕላኑ ተነሥቶ በላያችን አለፈ። እስከ እሑድ ሌላ በረራ የለም።

ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ኡጁሉ ግን አንገቱን ደፍቶ፣ «ይቅርታ መምህር፣ እኔ በደንብ አልነገርኩህም» አለኝ።