አራት እሁድ ዝም ያልኩበት ምክንያት

ለምወድህና ለምትናፍቀኝ ወንድሜ፣

እንደምን ከርመሃል? ጤናህስ እንዴት ነው? ያ ነፋስ በበረታ ቁጥር የሚነሳብህ ሳል ዘንድሮ ማረህ ወይ? እንቅልፍ ይወስድሃል? ምግቡስ ይስማማሃል ወይስ አሁንም ከቆርቆሮ እያወጣህ ነው የምትበላው? የአየር ጠባይ ጣቢያው ኃላፊ፣ ወጥ ሠሪው፣ ያ ቼዝ በተሸነፈ ቁጥር የሚያኮርፈው የጄኔሬተር ሠራተኛ፣ ሁሉም ደህና ናቸው? እኛ ካንተ ናፍቆት በቀር ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን። እማዬም ደህና ናት። ይህን ያስቀደምኩት አውቄ ነው። ማንም አልታመመም፣ ማንም አልሞተም፣ ልብህን አሳርፍ።

አሁን ደግሞ ዋናውን ልንገርህ፤ አላኮረፍኩህም። ለሁለት ዓመት ሌላ ውል ፈረምኩ ባልከኝ እሁድ፣ “እንግዲያው እኛን ምን አስጠራህ፣ ተወና!” ብዬህ ሬዲዮውን ድርግም አድርጌ መዝጋቴ እውነት ነው። ምላሴን ታውቀዋለህ፣ ሁልጊዜ ከእኔ ቀድሞ ነው የሚነሳው። ገና ከወንበሩ ሳልነሳ ነው የጸጸተኝ። በሚቀጥለው እሁድ ይቅርታ ልጠይቅህ ወስኜ ነበር። ግን እሁድ ከመድረሱ በፊት፣ ረቡዕ ዕለት፣ የአማተር ሬዲዮ ፈቃዴ ጊዜው አለፈበት።

መቼም ሳታድሺው ምን ስትሠሪ ነበር ትለኛለህ። ስማኝማ፣ ጉዴን ላውራህ። ፈቃዴ ሊያልፍ ሁለት ወር ሲቀረው በፖስታ አንድ ደብዳቤ መጣልኝ። ወፍራም ወረቀት፣ የፈቃድ ሰጪውን መሥሪያ ቤት የሚመስል ራስጌ፣ ክብ ማኅተም፣ በቀይ “የመጨረሻ ማሳሰቢያ” የሚል። በአስቸኳይ ካልከፈልሽ ፈቃድሽ ይሰረዛል፣ የጥሪ መለያሽም ለሌላ ሰው ይሰጣል ይላል። የአባባ የጥሪ መለያ እኮ ነው! እሱ ዕድሜውን ሙሉ በሬዲዮ የተጠራበት፣ እኔ ስንት ደጅ ጠንቼ ያስቀረሁት። ድንግጥ አልኩ። ሳላቅማማ የጠየቁኝን ከፈልኩ፣ ወረቀቶቼንም ላክሁላቸው። ለካስ፣ ኋላ ነው ያየሁት፣ ከግርጌው በደቃቅ ፊደል “መሥሪያ ቤቱን የማይወክል የግል ጉዳይ አስፈጻሚ” ተብሎ ተጽፏል። ወንድሜ፣ አስራ ስምንት ዓመት ማተሚያ ቤት የሠራሁ ሴት፣ ቀኑን ሙሉ ለሰው የደብዳቤ ራስጌ ሳትም የምውል፣ በደብዳቤ ራስጌ ተሸወድኩ! ሥራ ቦታ ለማንም አልተናገርኩም። አንተም አፍህን ያዝልኝ።

ፈቃዱ ሲዘገይ ቢሯቸው ሄድኩ። ከጫማ ጠጋኙ ሱቅ በላይ ያለች አንዲት ክፍል ናት፤ ሁለት ወንበር፣ አንድ የማይዞር ማራገቢያ፣ ጥፍሯን የምትቀባ አንዲት ልጅ። “በሂደት ላይ ነው፣ እናቴ” አለችኝ። እናቴ! እኔን! በሳምንቱ ስሄድም ያው፣ ከዚያ በኋላም ያው። ዛሬ ነገ እያሉ አመላለሱኝ። እናንተ ዘንድ ስልክ የለ፣ ደብዳቤ ልጽፍልህ አስቤ፣ መርከቧ ወደ ደሴታችሁ የምትመጣው በወር አንዴ ሆነና፣ እሷ እስክትነሳ በዚህ ሳምንት ያልቅልኛል እያልኩ ራሴን አታለልኩ።

እንግዲህ አባባ ምን ብሎ እንዳሳደገን ታውቃለህ። ፈቃድ የሌለው ሰው ያዳምጣል እንጂ አይናገርም። እሁድ ጥዋት በሦስት ሰዓት ሬዲዮውን ከፍቼ እጄን አጣጥፌ ተቀመጥኩ። እማዬ ደህና የሚሰማውን ጆሮዋን ወደ ድምፅ ማጉያው አስጠግታ አጠገቤ ናት። መጣህ። “እትዬ፣ ኩርፊያሽ እዚህ ድረስ ይሰማኛል” ብለህ ቀለድክ። እማዬ መልሺለት እንጂ ብላ ጎሸመችኝ። አልችልም፣ ሕግ ነው አልኳት። ከነሕግሽ ገደል ግቢ ብላኝ ተነሳች። በሁለተኛው እሁድ ቀልዱን ቀነስክ። በሦስተኛው ስለ አየሩ ብቻ አውርተህ ሄድክ፤ ስትስል ሰምቼሃለሁ።

አራተኛው እሁድ ግን አንጀቴን በላው። ውሉን የፈረምኩት ቤቴን ጠልቼ አይደለም አልክ። የሚተካህ ሰው አልተገኘም፤ ጣቢያው ከተዘጋ ዓሣ አጥማጆቹን ማዕበል መጣ ብሎ የሚያስጠነቅቃቸው የለም። እኔ ይህን እንድትነግረኝ መች ፋታ ሰጠሁህ! ከዚያ እማዬን ሰላም በይልኝ ስትል ድምፅህ ተሰበረ። እኔም አልቻልኩም፣ የመናገሪያውን ቁልፍ ተጫንኩት። ስምህን ልጠራ አፌን ከፈትኩ። አባባ ከኋላዬ የቆመ መሰለኝና ትንፍሽ ሳልል ለቀቅኩት። አንተ ጠቅ ሲል ሰማህ። “አለሽ እንዴ፣ እትዬ?” አልክ። ጠበቅክ። እኔ አፌን በሻሽ አፍኜ አለቅሳለሁ። በመጨረሻ፣ “በቃ ገባኝ። ከእንግዲህ አላስቸግርሽም” ብለህ ዘጋህ። እዚያው ቁጭ ብላ እምቢ አለችኝ ብለህ እንዳሰብክ አውቃለሁ። ከሁሉም ያቃጠለኝ እሱ ነው።

በማግሥቱ ከሥራ ቀርቼ ራሴ መሥሪያ ቤቱ ሄድኩ። መነጽሩን በክር አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ ሽማግሌ መስኮቱ ላይ አለ። መዝገቡን ገልጦ ገልጦ በስምሽ የመጣ ማመልከቻ የለም አለኝ። ቅጹን በነፃ ሰጠኝ፣ እዚያው ቆሜ ሞላሁት። የእድሳቱ ክፍያ የሄድኩበትን ታክሲ እንኳ አያክልም። የጥሪ መለያውስ ስለው፣ ፈቃዱ ካለፈ በኋላም ሁለት ዓመት በስምሽ ይቆያል፣ ማን ይነካዋል ብሎ ሳቀብኝ። የታደሰውን ፈቃድ እጄ ላይ እስኪሰጠኝ ሩብ ሰዓት አልፈጀም። ለዚህች ሩብ ሰዓት ነው አራት እሁድ የጠፋው! ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ መጀመሪያ ሳቅኩ፣ ከዚያ ሳቁ ወደ ልቅሶ ዞረብኝ።

ዛሬ እሁድ ነው። ከሦስት እስከ አምስት ሰዓት ጠራሁህ። ጉሮሮዬ እስኪዘጋ ጠራሁህ። የለህም።

የአንተም ፈቃድ የፊታችን ወር መጨረሻ ያልፋል። ያው ባለ ቀይ ጽሑፍ ደብዳቤ ከዚህችው መርከብ ጋር ሳይደርስህ አይቀርም። አትፈርም፣ አትክፈል፣ የሻይ ብርጭቆ አስቀምጥበት። እዚህ ፖስታ ውስጥ ያለውን ቅጽ ከሽማግሌው ተቀብዬልሃለሁ። በእርሳስ ምልክት ያደረግሁበት ቦታ ላይ ፈርምና በዚያችው መርከብ መልሰው። እኔ በእጄ አስገባዋለሁ። ለአገልግሎቴ የማስከፍልህ የግማሽ ሰዓት ወሬ ብቻ ነው።

ባለቤቴ በጣም ሰላም ብሎሃል። አንቴናውን ያቃናው እሱ ነው፣ ከጣሪያው ሲወርድ ግን ሱሪው ለሁለት ተቀዷል። ለአንድ ሳምንት ብላ መጥታ ስምንት ወር የሆናት አክስታችንም ሰላም ትልሃለች፤ አልጋህ ላይ ስለምትተኛ እንዳትቀየማት። እማዬ ጉንጭህን አገላብጣ ትስምሃለች። ኩርፊያው የእህትህ እንጂ የእኔ አይደለም በይልኝ ብላለች። ዛሬም ሬዲዮው ፊት እንደተቀመጠች ናት፣ ምሳ ብላት እምቢ አለችኝ።

ውል ጨመርኩ ስትለኝ የተናደድኩት ሁለት ዓመት ስለረዘመብኝ ነው። ናፍቀኸኛል ማለት አቅቶኝ ተቆጣሁ፣ ሌላ ምንም አይደለም። ሥራህን ሥራ፣ ዓሣ አጥማጆቹንም ጠብቅ። እሁድ በሦስት ሰዓት ግን ጥራን፤ ስሜን ጠርተህ ሳትጨርስ እመልስልሃለሁ።

እህትህ

ከቤታችን፣ ሬዲዮው ካለበት ክፍል
እሁድ፣ ግንቦት 12 ቀን