ከአዲስ አበባ የምትቀርበው ዴልሂ

ኅዳር 4
የሮቤ ገበያ ጫጫታ አልጋዬ ድረስ ይሰማል። አራስ ነኝ፣ ምን ላድርግ... የጨርቅ ሱቃችንን ባሌ ኡመር ይዞታል። ሲለካ ስንዝር እየጨመረ ይሆናል፣ አውቀዋለሁ።

ከሰዓት ወንድሜ ጀሊል ከሚኖርበት ከዴልሂ ደወለ። ሁለቱም ኩላሊቶቹ ሥራ አቁመዋል። በማሽን ነው ያለው። ኩላሊት የሚሰጥ ዘመድ ይምጣ ብለውታል። የእኔ ደም አይገጥምም፣ የሚገጥመው የእማ ነው። “እንዳትነግሪያት” አለኝ።

እማ እዚሁ ጎባ ለመድረስ እንኳ መኪና ላይ ሁለቴ ታስመልሳለች። ግን እንዴት ዝም እላለሁ?

ኅዳር 6
ነገርኳት። አላለቀሰችም።

“ምን ያህል ይርቃል?”

“አራት ሺህ አምስት መቶ ኪሎ ሜትር።”

እሷ መንገድን በኪሎ ሜትር ለክታ አታውቅም። “በስንት ሰዓት ይደረሳል?” አለች።

“ከአዲስ አበባ ስድስት ሰዓት ተኩል።”

“ከዚህ አዲስ አበባስ፣ በአውቶቡስ?”

“አሥር ሰዓት ገደማ።”

“ኤዲያ! ታዲያ ዴልሂ ከአዲስ አበባ ትቀርባለች! ጎረቤት አገር ላለ ልጅ ነው ተደብቃችሁ ስታለቅሱ የሰነበታችሁት?”

የአውሮፕላን ፍጥነት ምናምን ብዬ ላስረዳት ጀመርኩና ተውኩት። ቆርጣለች።

ታኅሣሥ 2
ሽማግሌዎች መጥተው ዱዓ አደረጉላት። አጎቴ አብዱልመሊክ አላስችል አለው። “በዚህ ዕድሜሽ፣ ብቻሽን፣ የሰው አገር ቋንቋ ሳትችይ?”

“የፈለጉት ኩላሊቴን ነው። እሱ ደግሞ ኦሮምኛም አማርኛም አያወራ!”

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። አጎቴ ብቻ በጋቢው ዓይኑን ጠረገ።

ታኅሣሥ 3
በሌሊት ሄደች። አጎቴ እስከ አዲስ አበባ ይሸኛታል። ለአውሮፕላኑም እንደ አውቶቡሱ ነው የተዘጋጀችው... ሎሚ፣ ፌስታል፣ ባዶ ሆድ። እኔ ብሆን እችል ነበር? እንጃ።

ታኅሣሥ 5
ደረሰች! አልሐምዱሊላህ። “አብልተውኝ ሸለብ ሲያደርገኝ ውረዱ አሉን” ብላ ስቃለች። እኔ እዚህ ነፍሴ ልትወጣ...

ምርመራው ገና ነው። አርጅታለች ብለው ቢመልሷትስ?

ታኅሣሥ 13
ምርመራውን አለፈች። ሐኪሙ ልቧን አይቶ የወጣት ነው አለ አሉ። እናቴ እኮ ናት!

ታኅሣሥ 24
ቀዶ ጥገናው ዛሬ ነበር። ሱቅ አልከፈትንም። ኡመር በር ላይ ይንጎራደዳል፣ እኔ ስልኩን ጨብጬ... ያ ረቢ፣ ሁለቱንም።

አሥር ሰዓት ላይ የጀሊል ሚስት ሃጂራ ደወለች። ለቅሶ በለቅሶ።

“ሸና! መርዋ፣ ሸና!”

“ማን?”

“ጀሊል! ኩላሊቱ ሠራ!”

ለሠላሳ ዓመት ጎረምሳ ሽንት እልልታዬን አቀለጥኩት። ጎረቤት ሁሉ ግር ብሎ ገባ።

“እማስ?”

ስልኩን ሰጠቻት። ድምፅዋ ደክሟል፣ ቁጣዋ ግን እንዳለ ነው።

“ከግድግዳው ወዲያ ተኝቷል። ሲያስል ይሰማኛል። ሦስት ቀን አታዪውም አሉኝ... መርዋ፣ ይሄ ነው የራቀኝ።”