የቅዳሜውን የወንዝ ዳር ጉዞ ስለመሠረቱት አቶ ቀጀላ ኦዳ እና ስለ መጪው ቅዳሜ

ሚኒያፖሊስ፣ ሜይ 14 ቀን 2007

የሴዳር ሪቨርሳይድ ኢትዮጵያውያን አረጋውያን መረዳጃ ማኅበር፣ የቅዳሜውን የወንዝ ዳር ጉዞ የመሠረቱትና በገዛ ቫናቸው አባላትን ሲያመላልሱ የኖሩት አቶ ቀጀላ ኦዳ ባለፈው ረቡዕ በድንገተኛ የልብ ሕመም ማረፋቸውን ለአባላቱና ለመላው ማኅበረሰብ ያሳውቃል። ሥርዓተ ቀብራቸው ዓርብ ተፈጽሟል። ሐዘኑ ከብዶናል።

አቶ ቀጀላ ነዋሪነታቸው በዌስት ሴንት ፖል ሲሆን፣ ሕሙማንን ወደ ክሊኒክ በማመላለስ ይተዳደሩ ነበር። በዚሁ ሥራ ላይ ሳሉ ብዙ አረጋውያን ከሐኪም ቀጠሮ በቀር ከፎቅ እንደማይወርዱ አስተዋሉ። ለኮሚቴያችን ቀርበውም፣ ሰው ፀሐይ የሚያየው ሲታመም ብቻ መሆን የለበትም ሲሉ አሳሰቡ።

በ2003 የመጀመሪያው ጉዞ ወደ ሚሲሲፒ ዳርቻ መናፈሻ ተደረገ። እውነቱን ለመናገር ኮሚቴው የፈቀደው እያመነታ ነበር፤ ወፍ ለማየት ብሎ ከቤቱ የሚወጣ ሽማግሌ ይገኛል ብሎ አልገመተም። ቫኑ ግን ጢም ብሎ ሞላ።

በ2004 አባላት ለመናፈሻው ዝይዎች ዳቦ መያዝ ጀመሩ። የመናፈሻው ሠራተኛ ወፍ መመገብ ክልክል መሆኑን ሲያስረዳ፣ ሰፈራቸው ድረስ ሄዶ ባዶ እጅ መቅረብ ነውር ነው የሚል ብርቱ ተቃውሞ ተነሣ። አቶ ቀጀላ ሁለቱን ወገን ስላስማሙ፣ ዳቦውን አባላት እንዲበሉት፣ ዝይዎቹም ሣራቸውን እንዲግጡ ሆነ።

በ2005 በሲዋርድ ሰፈር፣ ያገለገለ ዕቃ በየቤቱ ደጃፍ ከሚሸጥበት ጋራጅ ሴል የሩቅ ማያ መነጽር ገዝተው አመጡ። በወንዙ መካከል ባለችው ደሴት ዛፎች ላይ ጎጆ የሚሠሩትን እግረ ረጃጅም ግራጫ ወፎች በየተራ ማየት የተቻለው ከዚያ ወዲህ ነው። ውሃው ዳር አቀርቅረው፣ እንደ አስታራቂ ዝም ብለው ስለሚቆሙ አባላት «ሽማግሌዎቹ» ይሏቸዋል። በረዶው ሲቀልጥ የመምጣታቸውን ዜና ለየቤቱ በስልክ የሚያበሥሩት አቶ ቀጀላ ነበሩ።

ባለቤታቸውን ካጡ በኋላ ከአሥራ አራተኛ ፎቅ መውረድ ያቆሙት አባላችን ወ/ሮ ባየሽ ደረሰ በ2006 ጉዞውን የተቀላቀሉት፣ አቶ ቀጀላ ለሳምንታት በራቸውን እያንኳኩ ስለለመኗቸው ነው። ሊፍቱ ሲያዘገያቸው ሌላው ተሳፋሪ ቢያጉረመርምም፣ አቶ ቀጀላ ሞተሩን አጥፍተው ይጠብቋቸው ነበር። አንድም ቅዳሜ ጥለዋቸው አልሄዱም።

ኮሚቴው ለሐዘኑ ክብር ሲል ጉዞው ላልተወሰነ ጊዜ መቋረጡን ሐሙስ ዕለት በማስታወቂያ ገልጾ ነበር። ቅዳሜ ጠዋት ግን ወ/ሮ ባየሽ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ከሁሉም ቀድመው ከሚኖሩበት ሕንጻ በር ላይ ተገኙ። ጉዞው መቅረቱ ሲነገራቸው፣ «እኔ ቀጀላን የማውቀው እዚያ ውሃ ዳር ነው። ቤቴ ተቀምጬ ማንን አለቅሳለሁ?» አሉ። የሚወስዳቸው ቫን ግን አልነበረም። ወ/ሮ ባየሽ ተመልሰው ወደ ፎቃቸው ወጡ፤ ከዚያ ወዲህም አልወረዱም።

ይህ የኮሚቴው ስሕተት ነው። አቶ ቀጀላን እናከብራለን ብለን፣ እሳቸው ሰዎችን ካወጡበት ቤት መልሰን አስገባናቸው። ስለሆነም ኮሚቴው እሑድ ተሰብስቦ ማስታወቂያውን ሽሯል። ልጃቸው ወ/ሪት አያንቱ ቀጀላ የአባታቸውን ቫን ለመንዳት በራሳቸው ፈቃድ ኃላፊነቱን ተረክበዋል።

ለባለቤታቸው ለወ/ሮ ዱረቲ ነገሪ፣ ለወ/ሪት አያንቱ፣ ለሥራ ባልደረቦቻቸውና አብረዋቸው ወንዝ ዳር ለተቀመጡ ሁሉ ፈጣሪ ብርታቱን ይስጣቸው። የአቶ ቀጀላን ነፍስ በአጸደ ገነት ያኑርልን።

መጪው ቅዳሜ ጠዋት ቫኑ እንደ ወትሮው ከሕንጻው በር ይቆማል። ለቅሶ ያልደረሰ እዚያው ወንዝ ዳር ይድረስ። ወ/ሪት አያንቱ አስቀድመው ወደ አሥራ አራተኛ ፎቅ ወጥተው ያንኳኳሉ። ቫኑ ወ/ሮ ባየሽን ሳይዝ አይነሣም።