መስገጃዬን ስትጠብቅ ለነበረችው ጣውንቴ

አዲስ አበባ፣ ጥቅምት 1980 ዓ.ም.

ይድረስ ለጣውንቴ፤

አሰላሙ አለይኪ። እንዴት ነሽ? ወገብሽስ ተሻለሽ? ባላችንስ፣ ልጄ አሲያዬስ፣ ያቺ ወጊ ላማችንስ? እኔ አልሐምዱሊላህ፣ ይኸው ቁጭ ብዬ እጽፋለሁ።

በመሠረተ ትምህርት ፊደል የቆጠርኩት ካንቺ ላለማነስ እንደነበር ታውቂያለሽ። ያ ቅናት ዛሬ ጠቀመኝ፤ ገመናዬን ለሌላ ጸሐፊ ሳልነግር ላንቺው እጽፈዋለሁ።

የሮመዳኑን ነገር አልረሳሁትም። ደም ላይ ያለች ሴት አትሰግድም ብዬ፣ የምነጻበትን ቀን ስጠብቅ ሁለት ወር ሙሉ መስገጃዬን ሳልዘረጋ ቀረሁ። ለካ አንቺ ታዪኝ ኖሯል። የማን የወር አበባ ነው ሁለት ወር የሚቆየው ብለሽ ስትጮኺብኝ፣ ለባላችን ልታሳጪኝ መስሎኝ ረገምኩሽ። አውፍ በይኝ። እሱ ውጫሌ ገበያ በዋለበት ቀን፣ ሳታስፈቅጂ ደሴ ሐኪም ቤት ያደረስሽኝ አንቺ ነሽ። ጣውንት እንዲህ ታደርጋለች ቢሉኝ እስቅ ነበር።

ከደሴ ወደ አዲስ አበባ ላኩኝ። እዚህ ዶክተር ኃይለ ሚካኤል የሚባል ሐኪም አልጋዬ ጫፍ ተቀምጦ ምንም አልደበቀኝም። ካንሰሩ ከማህፀንሽ አልፎ ሆድሽ ውስጥ ተሰራጭቷል፤ መድኃኒቱ አዲስ ነው፣ መጠኑን ገና እየተማርን ነው፤ ካንቺ በፊት የወሰዱት ስድስት ሴቶች ብቻ ናቸው፤ ላንቺ ባይሆን ከኋላሽ ለሚመጡት ይጠቅም ይሆናል፤ እምቢ ብትዪም የሚቆጣሽ የለም አለኝ። እንግዲያማ ጨው ቀማሽ ልታደርጉኝ ነው ስለው ሳቀ። ወጡን ሌላም ይበላዋል ብዬ ፈረምኩ፤ በጣቴ ሳይሆን በስሜ።

ከሦስት ዙር በኋላ ኦፕራሲዮን አደረጉኝ። የሚወጣውን አወጡ፣ ከአንጀቴ የተጣበቀውን ተዉት። የተነፋው ሆዴ ጎደለ፣ ትንፋሼ ተመለሰ፣ በጎኔ መተኛት ቻልኩ። ሐኪሙን፣ የምታገላብጠኝን ነርስ፣ አንቺንም ሳልመርቅ የዋልኩበት ቀን የለም። አጠገቤ የተኛች የሼህ ልጅ ደግሞ የበሽታ ደም ሶላት አይከለክልም አለችኝ። ይህን ሁሉ ጊዜ በከንቱ! አሁን ተኝቼም ቢሆን እሰግዳለሁ።

በሚመጣው ሳምንት ወደ ቤቴ እገባለሁ። ዶክተሩ ለሌሎቹ ሁሉ ቀጠሮ ጻፈላቸው። እኔን ግን የአገርሽ የሐይቅ አየር ጥሩ ነው፣ ከልጅሽ ጋር ሁኚ ብሎ እጄን ይዞ ቆየ።

አሲያ እማዬ ስትልሽ፣ እናትሽ ያቻትና እያልሽ ታርሚያት ነበር። እሰማሽ ነበር፤ ደስም ይለኝ ነበር። ከእንግዲህ አታርሚያት።

አላህ ዕድሜሽን ያርዝመው፣ ድካምሽን በጀነት ይካስሽ።

እህትሽ