በመናኸሪያ የቀረ ድምፅ

ቀጮ ወንድሜ፣ ከእነልጆችህ እንዴት ከረማችሁ? እኔ እንደምንም አለሁ።

«ለምን አትደውዪም?» ላልከው፣ መጻፍ ይሻለኛል። ልጆችህ የዚያ አገር ቋንቋ ለምዶባቸው «ቀ» አልወጣ ብሏቸው በ«ከ» እንደሚጠሩህ ስሰማ በልቤ ሳቅሁ። ተዋቸው፣ አትቆጣቸው። መናኸሪያ ማይክ ይዤ ተሳፋሪ ስጠራ ከድምፅ ሁሉ የምወደው «ቀ»ን ነበር፤ ያንቀላፋውን ሁሉ ያባንናል። አሁን ግን ጉሮሮዬ ከታመመ ወዲህ ጠላቴ ሆኗል። «መ» እና «በ» ከንፈር ላይ ስለሚያልቁ ይሻሉኛል።

አለቃዬ ባለፈው ሳምንት የአውቶቡሶቹን ጥሪ ሁሉ በድምፄ አስቀዳኝ። «ለማንኛውም ይኑረን» አለ፣ መሬት መሬት እያየ። ከዚያ ወዲህ ቲኬት ቆራጭ ነኝ፤ የወንበሩን ቁጥር በጣቴ አሳያለሁ።

ልጆቹን ሳምልኝ። ስትመጣ በመናኸሪያው በኩል ግባ። ስቀዳ፣ ከመጨረሻው ጥሪ በኋላ «ቀጮ፣ እንኳን ደህና መጣህ» ብያለሁ፤ አለቃዬም ሰምቶ አላስቆረጠውም።

እህትህ