ከጉለሌ በላይ ያለው መሬት

ጥቅምት 6፣ ከጠዋቱ 1 ሰዓት

ጥቁሯ ፍየል ዛሬም ረገጠችኝ። ወተቱ ግማሹ መሬት ላይ፣ ግማሹ ቀሚሴ ላይ። ዘይነባ በአጥሩ አሻግራ አይታ ሳቀች። ጎረቤቴ ናት፣ የወሎ ሰው። ባሏ ኮርቻ ይሰፋል። ፍየል ማለብ ያስተማረችኝ እሷ ናት።

«እትዬ አስካለ፣ ብዕር እኮ አይደለም የያዙት! ጠበቅ ያድርጉ እንጂ።»

እውነቷን ነው። ሃያ ስድስት ዓመት ብዕር የያዘ ጣት፣ በሃምሳ ስምንት ዓመቱ ጡት ማለብ ይማራል።

ሦስት ፍየል ዶሮ ማነቂያ ሰፈር ውስጥ፣ ያውም በኪራይ ጓሮ። ሰፈሩ ስም አውጥቶልኛል፤ «ደብተራዋ እረኛ»። ይሳቁ። ወደ መሬቴ ልሄድ ጥቂት ወር ነው የቀረኝ።

ጥቅምት 9፣ እሑድ

ከቅ/ጊዮርጊስ ቅዳሴ ወጥቼ በእግሬ ወደ መሬቱ። ጉልበቴ አለቀሰ። ደረስኩ ግን።

ደብተሬ፣ ላንተ እንኳ በወጉ አልነገርኩህም። እሜቴን፣ እኒያን ባለ ርስት ወይዘሮ፣ ያገለገልኩት በአንባቢነትና በጸሐፊነት ነው። አባቴ ቄስ ነበሩ፤ ወንድ ልጅ ስላልነበራቸው ፊደሉን ለእኔ ሰጡ። እሜቴ ዳዊት ሲሰሙ ያነበብኩ እኔ፣ ደብዳቤያቸውን የጻፍኩ እኔ። አምና ጉልበቴ ሲከዳኝ፣ «በቃሽ፣ ዕረፊ። ከጉለሌ በላይ ያለውን መሬት ሰጥቼሻለሁ፤ ተጦሪበት» አሉኝ። እጃቸውን ሳምኩ። ወረቀቱንም ራሴ ጽፌ እንዳመጣና በማኅተማቸው እንደሚያትሙልኝ ነገሩኝ።

አልጻፍኩም። ለፈረስ ባልደራሱ፣ ለጠጅ ጣይዋ፣ ለንስሐ አባታቸው፣ ለሁሉም የመሬት ደብዳቤ የጻፍኩ ሴት፣ ለራሴ መጻፍ አፈርኩ። ራሳቸው ያነሡታል ብዬ ጠበቅኩ። ዓመት አለፈ።

ዛሬ በእርምጃ ለካሁት። ቤቱ ከዋርካው በታች ይሠራል። ጉረኖው ከፍ ብሎ፣ ውኃ የማይተኛበት ላይ፤ ፍየል እርጥብ አትወድም። ጌሾ ከምንጩ ዳር። ጎመን፣ ሽንኩርት፣ ጥቂት ገብስ። ሁለት ቀፎ። ዶሮ ስድስት። ከገበያ የምገዛው ጨው ብቻ። በሰው ደጅ ቆሜ «እሜቴ ተነሥተዋል?» ሳልል የማድርበት ቤት።

ምንጩን ጠጣሁ። ይበርዳል።

ጥቅምት 20

ጥፋት። ቀይዋ ገመዷን በጥሳ የባሻን ጌሾ ጨረሰችው። ባሻ አከራዬ ነው፣ ጡረተኛ ወታደር። ጮኸ። ፍየሎቹ እስከ ገና ይውጡ፣ ካልሆነ አንቺም ትወጫለሽ አለ።

ወደ መሬቴ ልሄድ ነው አልኩት። ከእግሬ እስከ ራሴ አየኝና፣ «መሬት? አንቺ?» ብሎ ገባ። ሌላ ቃል አልጨመረም። ምነው በጨመረ፤ እመልስለት ነበር።

ኅዳር 4

ቀይዋ ወለደች። መንታ። አንደኛው አልተነፈሰም። ዘይነባ አፉን ጠርጋ፣ ነፍታበት፣ አገላብጣ ሞከረች። እምቢ አለ። ሁለተኛዋ ቆማለች፤ ነጭ፣ ጆሮዋ ረጅም።

ዘይነባ መሄጃዬ መቼ እንደሆነ ጠየቀችኝ። በቅርቡ አልኩ። ወረቀት ይዤ እንደሆነ ጠየቀችኝ። ግልገሏን በጨርቅ ማሸት ያዝኩ። ገባት፤ ደግማ አልጠየቀችም።

ኅዳር 11፣ ከሰዓት

በጠዋቱ የእሜቴ አሽከር መጣ፤ «ብዕርሽን ይዘሽ ነይ ብለዋል» አለ። ደብተሬ፣ ልቤ እንዴት እንደዘለለች! ነጩን ቀሚሴን ለበስኩ። ለዘይነባ በአጥሩ ላይ ነገርኳት፤ እልል ልትል አፏን ከፍታ መልሳ ያዘችው።

እሜቴ ትራስ ተደግፈዋል። ከስተዋል። ዓይናቸው ብርሃን እንጂ ፊደል አያይም አሁን። አጠገባቸው የአንድ ደብር አለቃና ሁለት ቄሶች።

«መጣሽ? ካንቺ እጅ ሌላ አላምንም» አሉኝ። ደስ አለኝ። ሞኝ።

ከዚያ ይነግሩኝ ጀመር። «ከጉለሌ በላይ ያለውን መሬቴን፣ ዋርካውንና ምንጩን ይዞ፣ ለነፍሴ መታሰቢያ ለደብሩ ሰጥቻለሁ።»

ጻፍኩ። «ምንጩን ይዞ» የሚለው ላይ ብቻ ቀለም ነጠበ።

በብራና ገልብጬ ነገ በሚካኤል ዕለት እንዳመጣው አዘዙ። ነገ ይታተማል።

ያው ዕለት፣ 11 ሰዓት

ገለበጥኩት። ከዚያ ሌላ ብራና አወጣሁ። ያንኑ ቃል ጻፍኩ፤ «ለደብሩ» በሚለው ፈንታ የራሴን ስም። እንዴት ያምራል። በሕይወቴ እንዲህ ያማረ ፊደል አልጻፍኩም።

እሜቴ አያነቡም። የማነብላቸው እኔ ነኝ። በአፌ ደብሩን፣ በብራናው ራሴን። የሚያትሙትም በእኔ አምነው ነው። አለቃው አረጋዊ ናቸው፤ ጽሕፈቱን ዘርግተው እስኪያዩት ስንት ቀን ይሆናል?

ሁለቱንም ጠቅልዬ አስቀምጫለሁ። የትኛውን እንደምወስድ አላውቅም።

ኅዳር 12

እውነተኛውን ወሰድኩ። ቅድስና አይደለም ደብተሬ፣ እንዳትሳሳት። «ካንቺ እጅ ሌላ አላምንም» ያሉኝ ነገር ሌሊቱን እንቅልፍ ነሥቶኝ አደረ። ሃያ ስድስት ዓመት ያፈራሁት ያ ብቻ ነው፤ እሱንም ልሽጠው?

ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት አነበብኩ። ማኅተሙ ቀረበ። ያኔ አፌ ራሱ ተከፈተ።

«እሜቴ፣ ይህንን መሬት አምና ለእኔ ሰጥተውኝ ነበር።»

አለቃው መስቀላቸውን አዩ። እሜቴ ይክዱኛል ብዬ ነበር። ምነው በካዱኝ።

«ብያለሁ። አልረሳሁም» አሉ። «ግን አስካለ፣ ላንቺ ብሰጥ አንቺም ትሞቻለሽ። ካህናቱ ግን ዘላለም ስሜን ይጠሩልኛል። በኔ ቦታ ሆነሽ እዪው።»

በእርሳቸው ቦታ ሆኜ ልየው! ስንት ዓመት ሌላ ምን ሠራሁ? እንደ እርሳቸው አስቤ፣ እንደ እርሳቸው ተናግሬ፣ እንደ እርሳቸው ተቆጥቼ ጻፍኩ እኮ። በእኔ ቦታ አንድ ቀን ማን ቆመ?

በመሬቱ ፈንታ በግቢያቸው ከወጥ ቤቱ ጀርባ ያለችውን ክፍል ሰጡኝ። ፍየሎቼንም እንዳመጣ፣ ወተቱ ለቤቱ እንዲሆን፣ እኔም ማታ ማታ ዳዊት እንዳነብላቸው አዘዙ።

«እግዜር ይስጥልኝ፣ እሜቴ» አልኩ። በገዛ አፌ! ልማድ ነው። ደጅ ወጥቼ ምራቄን ተፋሁ።

ያንን ሌላውን ብራና ፍቄ አጠፋሁት። ፍቆ ለማጥፋት ከመጻፍ ይልቅ ብዙ ሰዓት ፈጀ።

ኅዳር 16

ጾሙ ገባ። ወተቱ ለዘይነባ ልጆች።

የሆነውን ሁሉ ነገርኳት። አላጽናናችኝም፤ ደግ አደረገች። ወንድሟ ሰበታ በኩል ጭሰኛ ነው። ቦታ አለው፣ ፍየል የለውም። ጎጆ ይቀልስልኛል፤ እርቢውን እንካፈላለን። ወጡን በየፊናችን እንሠራለን፤ እነሱ እስላም ናቸውና ሥጋቸው ለእኔ አይሆንም፣ የእኔም ለእነሱ። ቤተ ክርስቲያኑ ሩቅ ነው። ምንጭ የለም፤ ውኃ ከወንዝ በእንስራ። መሬቱ የሌላ ጌታ፣ በዚያ ላይ የጭሰኛ ጥገኛ ልሆን። ያውም በዚህ ጉልበት።

«ያስቡበት እትዬ» አለችኝ።

ምኑን ላስበው? ለሦስት ቀን ከወጥ ቤቱ ጀርባ ያለችው ክፍል ናት በሐሳቤ የምትመጣ። ትሞቃለች። ምግብ አለ። እንደምወዳት አውቃለሁ። የሚያስጠላኝ እሱ ነው።

ኅዳር 21

ባሻ ጓሮው መቼ እንደሚለቀቅለት ጠየቀ። ነገ አልኩት። አፌ ከእኔ ቀድሞ ወሰነ።

ለዘይነባ እሺ አልኳት። ባሏ አህያ ፈለገልኝ። የምጭነው ብዙ አይደለም፤ ዳዊቴ፣ ድስት፣ ሁለት ብርድ ልብስ፣ ግልገሏ በአገልግል።

9 ሰዓት ላይ የእሜቴ አሽከር መጣ፤ አዲስ ነው፣ አያውቀኝም። እሜቴ የሚያጽፉት አስቸኳይ ደብዳቤ አለ። አስካለ የምትባል ጸሐፊ ቤት ይህ ነው ወይ?

«ሄዳለች» አልኩት።

ቀለም የነካውን ጣቴን አየ። ፊቴን አየ። «ጸሐፊዋ እርስዎ አይደሉም እንዴ?»

«ነበርኩ።»

ቆሞ ግራ ገባው። ምን ብዬ ልንገራቸው ሲል አሳዘነኝ። ያየኸውን ንገራቸው አልኩት። ሄደ።

ጎህ ሲቀድ መንገድ ነው። ጥቁሯ አሁን ትጮኻለች፣ ሳላልባት መሽቶባት። ብዕሬን ላስቀምጥና ልሂድ።