ከሰዓት በኋላ የሚደነድነው ፍሬን

ማክሰኞ

ዛሬም አባዬ እያነከሰ ገባ። ቀኝ እግሩን ነው። ከሽሮ ሜዳ ቁልቁል ሰው ጭኖ ሲወርድ ፍሬኑን ቢረግጥ፣ ቢረግጥ፣ ፔዳሉ አልወርድ አለው። ሁለት እግሩን ጭኖበት ነው አንዲት አህያ ሊገጭ ክንድ ሲቀረው የቆመው። አንዷ ተሳፋሪ "ካቃትህ ቤትህ አትቀመጥም!" አለችው። ለእማዬ ሲነግራት ሰማሁ። እኔ ያልሰማሁ መስዬ ጥጥ እፈለቅቅ ነበር።

መኪናዋ ውይይት ናት፤ ሰው ከኋላ ፊት ለፊት ተያይቶ የሚቀመጥባት ታክሲ። የአቶ ደርቤ ናት። አባዬ ሹፌር ብቻ ነው። ዘጠኝ ዓመት ነድቷታል፣ ሌላ ሥራ አያውቅም።

"ጠዋት ጠዋት ደህና ነኝ፤ ከሰዓት በኋላ ነው እግሬ የሚከዳኝ" ይላል።

ረቡዕ

ጋሽ ቱሉ መጡ። ጎረቤታችን ናቸው፣ መካኒክ። በጠዋት ሞተሩን አስነሥተው ፔዳሉን ረገጡት። ልስልስ ብሎ ወረደ።

"ይሄ ፍሬን ከእኔ ጉልበት ይሻላል። ጋራዥ መግባት ያለብህስ አንተ ነህ!" ብለው ሳቁ። አባዬም አብሮ ሳቀ። ሲስቅ ፊቱን አየሁት። ባላየው ይሻለኝ ነበር።

እስካሁን ለእግሩ የተደረገለት፦ ወጌሻ ሁለት ጊዜ አሸው። ቁስቋም ጠበል ወጣ። እማዬ ጨው በጨርቅ አሙቃ ትጭንለታለች። ምንም ለውጥ የለም። ዛሬ ከሰዓት በኋላም እንደዚያው።

ሐሙስ

ለምሳ ሲመጣ ሞተሩን አላጠፋውም። ካጠፋው በኋላ ለማስነሣት ገፊ መለመን አለ። "ነይ ኮፈኑን ያዢልኝ" አለኝ። መደገፊያው ስለተሰበረ በሁለት እጄ ወደ ላይ ደግፌ ያዝኩለት። የፍሬን ዘይቱን አየ፣ ሙሉ ነው። ከዚያ ገብቶ ፔዳሉን መርገጥ ጀመረ።

ያን ጊዜ አየሁት። ከሞተሩ ተነሥቶ ወደ አንድ ክብ ቆርቆሮ የሚሄድ ጥቁር ቱቦ አለ። ጉንጯን ወደ ውስጥ እንደሳበች ሴት ጭምትር ብሎ ተጣበቀ። ጠፍጣፋ ሆነ። ክቡ ቆርቆሮ ፍሬኑን የሚያግዘው ነው፤ ሞተሩ አየሩን በዚያ ቱቦ ይስብለታል። ጋሽ ቱሉ አንድ ጊዜ ለአባዬ ሲያስረዱ ሰምቻለሁ። ቱቦው ከተጣበቀ በምን ይስብለታል?

የቱቦውን ነገርም አውቃለሁ። ዋናው ከፋሲካ በኋላ ተሰነጠቀ። መለዋወጫ የትም ጠፋ። አባዬ ከውሃ ጎማ ላይ ቆርጦ በገዛ እጁ ገጠመለት።

"ምነው?" አለኝ ከውስጥ ሆኖ።

"ምንም" አልኩት። ከስድስተኛ ክፍል ያቋረጥኩ ልጅ ስለ ሞተር ምን ልል ነው?

ማታ። አባዬ አቶ ደርቤ ቤት ደርሶ መጣ። "እግሬ በቃው። ሰው ሳልፈጅ እሑድ ቁልፉን አስረክባለሁ አልኳቸው" አለ። በእሱ ቦታ የእህታቸውን ልጅ እንደሚያስገቡ ነግረውታል። እራቱ እንደቀረበ ተነሣ።

ቀን ላይ ተናግሬ ቢሆን ኖሮ!

ዓርብ

ሳስበው ሳስበው ዋልኩ። እግሩ መታመም የጀመረው ቱቦው ከተቀየረ ወዲህ ነው። ጋሽ ቱሉ ያዩት በጠዋት ነው፣ ሞተሩ ሳይሞቅ፣ የቱቦው ጎማ ሳይለሰልስ።

ለእማዬ ነገርኳት። "ለራሱ ንገሪው እንጂ" አለች።

"አፍራለሁ።"

"ከአባትሽ?"

ሲገባ ወደ ግድግዳው ዞሬ ነገርኩት። "ያንን ቱቦ የገጠምኩት እኔ ነኝ" አለ ብቻ። ከዚያ ወጥቶ ሄደ። ተቆጣ መሰለኝ። ባልተናገርኩ ብዬ ደግሞ ተጸጸትኩ።

ቅዳሜ

ለካ የሄደው ጋሽ ቱሉ ጋ ነው። ጠዋት መጡ። ኮፈኑን ከፍተው ቱቦውን በሁለት ጣት ጫን ጫን አደረጉት። ድቡልቡል ነው፣ ምንም አልሆነም።

"ይሄ ነው እንዴ? አይ መሐንዲሷ!"

ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ወደ ጫማዬ እያየሁ "ሲሞቅ ነው" አልኩ።

"ምን?"

"ሲሞቅ ነው አለች። እንጠብቅ" አለ አባዬ።

ሞተሩ ሲንደቀደቅ ቆምን። በኩፖን የሚገኝ ቤንዚን በእኔ ወሬ ይቃጠላል። ተሳስቼ ከሆነስ? በመጨረሻ አባዬ ገብቶ ረገጠ። ቱቦው ጭምትር!

ጋሽ ቱሉ አልሳቁም። "እኔ ደንቆሮ፣ በብርድ አይቼ!" አሉና ጭንቅላታቸውን መቱ። ቤታቸው ሄደው ከወደቀ የጭነት መኪና ላይ የፈቱትን ወፍራም ቱቦ አመጡ፤ በውስጡ ጨርቅ ያለበት፣ ቢጨምቁት እንቢ የሚል። በልኩ ቆርጠው ገጠሙና በብረት ማሰሪያ ጠበቅ አደረጉት። ከዚያ ሞተሩ ጠፍቶ አባዬ ፔዳሉን እስኪደነድን ደጋግሞ ረገጠ። "አሁን እግርህን ሳታነሣ አስነሣ፤ ቱቦው ከሳበ ፔዳሉ ራሱ ይወርዳል" አሉት። እኔና የሰፈር ልጆች ገፋን። ተነሣ።

"ወረደ!" ብሎ ጮኸ። "ከእግሬ ሥር ወረደ!"

ባዶዋን ሽሮ ሜዳ ደርሶ፣ እስክትሞቅ ዞሮ መጣ። ሲወርድ አላነከሰም።

እሑድ

ከቀበሌ ስብሰባ በቀጥታ አቶ ደርቤ ጋ ሄደ። ሲመለስ እጁ ባዶ ነው፣ ቁልፉ የለም። አቶ ደርቤ ስለ ፍሬኑ ሲሰሙ ደስ አላቸው አሉ። "እንኳን ተሠራ፣ የእህቴ ልጅ አይቸገርም" አሉት። በኋላ ግን ዓይኑን አይተው መሰለኝ፣ "እስኪ ከእህቴ ጋር ልማከር፤ ነገ ጠዋት ብቅ በል" ብለውታል።

"እህትየዋን አውቃታለሁ። ተስፋ የለውም" አለ።

መቻል አቃተኝ። ሐሙስ በምሳ ሰዓት እንዳየሁት፣ እሱ አቶ ደርቤ ጋ ሳይሄድ በፊት፣ ዝም እንዳልኩ ነገርኩት። እያለቀስኩ ነው የነገርኩት።

ጉልበቱን በእጁ ዳበሰ።

"እኔስ ሦስት ወር ሙሉ ኮፈን መክፈት አቅቶኝ እግሬን ሳሳሽ የከረምኩት?" አለ። ከዚያ "ሌላ ጊዜ ጩኺ" አለኝ።

"እሺ" አልኩት።

"ምን አልሽ? አልሰማሁም።"

"እሺ!"

እማዬ ከጓዳ ደንግጣ ወጣች። "ምን ሆናችሁ?"